ያዘነበለው ግድግዳው ነው ወይስ እኔ?

ሥራ የጀመርኩት መርሳ ነው፤ ከገበያው ከፍ ብሎ የእህል መጋዘን ሲሠራ፣ ድንጋይ አቀባይ ሆኜ ገባሁ። ግንበኛው ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ። ገና እንዳዩኝ ከስሜ በፊት አገሬን ጠየቁኝ። «ግራና» አልኳቸው። «የግራና ሰው ድንጋይ ያውቃል?» አሉ። «ኧረ ጋሼ፣ ከማሳችን ድንጋይ ስንለቅም አይደል የምንውለው!» አልኩ። ሳቁና ቱንቢውን አስያዙኝ።

ቱንቢ ማለት በሲባጎ የሚንጠለጠል ሾጣጣ ብረት ነው። ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚታወቀው በእሱ ነው። ያን ቀን ግን እንድለካበት አልነበረም የተሰጠኝ፤ ጠብቀው ተብዬ ነው። እኔም ሥራ ያገኘሁ መስሎኝ ክሩን ስጠቀልል ስፈታ ቆይቼ አወሳሰብኩት። እስከ ምሳ ድረስ አንድ ድንጋይ ሳላቀብል ክር ስፈታ ዋልኩ። ጋሽ እንድሪስ አልተቆጡም። «አብሽር፣ ዛሬ ክር ተማርክ፤ ነገ ድንጋይ ትማራለህ» ብለው ምሳ ጋበዙኝ።

ከዚያ በኋላ ሞርታር አቡኪ ሆንኩ፣ ቀጥሎ ረዳት ግንበኛ፣ ከዓመታት በኋላ ራሴን የቻልኩ ግንበኛ። ሲሪንቃ መንገድ ዳር ሻይ ቤቶች ገንብቻለሁ። ግራና የአክስቴን ልጅ ቤት ሠርቻለሁ፤ እስካሁን ያማኛል፣ መስኮቱን አጥብበህብኛል እያለ። ወልድያ ከገባሁ ወዲህ ፎቅ ላይ መሥራት ለመድኩ። በመጨረሻም ፎርማን ተባልኩ። ፎርማን ብባልም ማንካዬን፣ ሞርታር የማነሣበትን፣ አላስቀመጥኩም፤ ማዕዘን የሚይዘውና የላይኛውን ረድፍ የሚዘጋው እኔ ነበርኩ።

ከርብራብ፣ ግድግዳ ስንገነባ ከምንቆምበት የእንጨት መወጣጫ፣ ላይ ወርዶ መሥራት ለግንበኛ ሞት ነው። መሬት ላይ የሚቀረው ያረጀ ነው፣ ወይ ያልሠለጠነ። እኔ ደግሞ ዓይኔን የምተማመን ሰው ነበርኩ። ቱንቢ ሳልጥል ግድግዳን በዓይኔ አይቼ ሁለት ጣት መዝመሙን እናገር ነበር፤ ሲለካም ልክ ይሆናል። በዚህ ነገር ትንሽ ትዕቢት ቢጤ ነበረብኝ፤ ባለቤቴ እቴነሽ «ዓይኔ ዓይኔ ትላለህ፣ የዶሮ ቤቱ ተከፍቶ ዶሮ ሲወጣ አታይም» ትለኝ ነበር።

አብሬው ብዙ ዓመት የሠራሁት ግንበኛ ሰይድ ነው። የእኛ አገር የግንባታ ቡድን ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም ነው። ረመዷን ሲገባ ሥራውን ጎህ ሳይቀድ ጀምረን በስድስት ሰዓት እንበትናለን፤ እኛ ክርስቲያኖቹም አብረን እንበተናለን። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሥራው እንደወትሮው ነው፤ ጿሚው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ይውላል፣ ሰይድና ጓደኞቹ ምሳቸውን ከአሸዋው ክምር ጀርባ ሄደው ይበላሉ። ማንም አላዘዛቸውም። በጾመኛ ፊት መብላት ነውር ነው ብለው ነው። እኛም እንዳላየን እንሆናለን።

ነገሩ የጀመረኝ ወልድያ፣ የአቶ ተስፋዬን ሕንፃ ስንሠራ ነው። አቶ ተስፋዬ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ ደግ ሰው፣ ግን በየቀኑ መጥተው ብሎኬት ካልነኩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው። ሁዳዴ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የአስፋልቱን በኩል ግድግዳ እየገነባሁ ነው። ወደ ሰባት ሰዓት ግድም ቀና ብል፣ ግድግዳው ወደ መንገዱ ጋደል ብሎ ታየኝ።

መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ቀጥሎ አፌ ምራቅ ሞላው። አቅለሸለሸኝ። ፀሐይ ላይ ቆሜ ቀዝቃዛ ላብ በጀርባዬ ወረደ። የርብራቡን ቋሚ እንጨት አቀፍኩና «ሰይድ! ግድግዳው ወደ አስፋልቱ ሄዷል!» ብዬ ጮህኩ።

ሰይድ ቱንቢ ጣለ። አጎንብሶ አየና «ቀጥ ነው» አለ።

«ንፋስ ነው ክሩን የያዘው። እንደገና ጣል።»

እንደገና ጣለ። «ወላሂ ቀጥ ነው አራጋው። ውሃ ልክም ላምጣልህ?»

«እኔ የማየውን አንተ ልትነግረኝ ነው? ሦስቱን ረድፍ አውርዱ!»

ፎርማን ነኝና አወረዱ። ሞርታሩ ገና ስላልደረቀ ብሎኬቱ በቀላሉ ተነሣ። ሞርታር የምታመላልሰው ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሁለት ልጆች በቀን ሥራ የምታሳድግ፣ ከወንዱ ሁሉ የምትቀድም። እሷ እንኳ ጠዋት ያወጣችውን ሞርታር ተፍቆ ሲወርድ አይታ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች። ለማን እንዳለችው ግን አልጠየቅኋትም።

በዘጠኝ ሰዓት ሹሮዬን በልቼ ተመልሼ ወጣሁ። የቀረውን ግድግዳ ባየው እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያኛው ጫፍ አየሁት፤ ቀጥ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩት፤ ቀጥ ነው። ማቅለሽለሹም የለም፣ ላቡም የለም። «እንዴት ነው?» አለኝ ሰይድ። «አሁን ተስተካከለ» አልኩት። ምኑ እንደተስተካከለ ለእኔም አልገባኝም።

በሳምንት ውስጥ ተደጋገመብኝ። ሲመጣብኝ እንጨቱን ይዤ፣ ብሎኬት የምመርጥ መስዬ እቆማለሁ። ሲያልፍ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ምክንያቱም ፎርማኑ ራሱን ያዞረዋል ከተባለ በማግስቱ መሬት ላይ አሸዋ እያስነፋሁ እንደምገኝ አውቃለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

መደበቁ ግን እቤት አልሠራም። እቴነሽ አንድ ቀን ፊቴን አይታ ገባት። «ዓይን ነው፤ ዓይኔ ዓይኔ ስትል ዓይን በላህ» አለችና ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቀችኝ። ጠበሉ ልቤን አሳረፈው፤ ማዞሩ ግን አልለቀቀኝም። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ደግሞ ገና «ያቅለሸልሸኛል» ከማለቴ «ጨጓራ ነው» ብሎ ነጭ ሽሮፕ ሰጠኝ። አንድ ጎረቤቴ የአንገት ጅማት ነው ብሎ በዘይት ሊያሸኝ እጅጌውን ሰበሰበ፤ እሱን በግድ ነው ያመለጥኩት።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከቆላ መጥተህ ከሆነ ብለው የወባ ምርመራ አደረጉልኝ፤ የለም ተባለ። ቀጥሎ ታይፎይድ ነው አሉና ክኒን ሰጡኝ። እሱን ስውጥ ፋሲካ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ማዞሩ ድራሹ ጠፋ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ታይፎይድ ነበር፤ አሁን ድኛለሁ» ማለት ጀመርኩ። ጾሙ ተፈትቶ ቁርስ መብላት መጀመሬን ልብ አላልኩትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ታይፎይዴን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ሻይ በዳቦ ቁርሴን በላሁ። ሻዬን የምጠጣው ስኳሩ ከሥር እስኪተኛ አድርጌ ነው። ረፋድ ላይ ርብራቡ ላይ ሳለሁ ያው ላብ፣ ያው ምራቅ፣ ያው የሚጋደል ግድግዳ መጣብኝ። የሰኔን ጾም እኔ አልጾምም። ፀሐይም የለም፣ ደመና ነው። ታይፎይዱንም በክኒን ጨርሼዋለሁ። በዚህኛው በእውነት ፈራሁ።

አቶ ተስፋዬ ያን ቀን ታች ቆመው ነበር። እንጨቱን አቅፌ ስወርድ አዩኝ። «ና እስቲ አራጋው፣ እንዲህ አድርጎህ ያውቃል?» አሉኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ በሥራ ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ይሄማ ስኳር ነው! እኔን ከያዘኝ ስንት ዓመቱ፣ አውቀዋለሁ» አሉ። ሱቃቸው ወስደው መጀመሪያ ለስላሳ አጠጡኝ፣ ትንሽ አረፍኩ፣ ከዚያ በራሳቸው መለኪያ ጣቴን ወግተው አዩ። ቁጥሩ ከፍ ብሏል አሉኝ። ለስላሳውን ከጠጣሁ በኋላ መለካታችንን እሳቸውም እኔም አላሰብነውም።

«ሆስፒታል ሂድ። ጠዋት ሳትበላ ይለኩሃል» አሉኝ።

«የሁለተኛውን ፎቅ ጣሪያ አርማታ እንሙላና» አልኩ።

አርማታው ሞላ፤ እኔ አልሄድኩም። ስኳር እንዳለብኝ ቆርጬ ነበርና ምርመራው ምን ይጨምርልኛል አልኩ። ይልቅስ ራሴን ማከም ጀመርኩ። ስኳር ከቤቴ አባረርኩ። ሻዬን መራራውን እጠጣለሁ። ዳቦ ተውኩ። ጠዋት አንድ ጉርሻ ቢጤ ቀምሼ እወጣለሁ። እቴነሽ «ሰውዬው ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ፣ ይሄ ሕክምና ነው?» ትላለች። ማዞሩ ግን ከመቀነስ ይልቅ ባሰበት። ባሰበት ቁጥር ስኳሬ የወጣ እየመሰለኝ ምግቤን ይበልጥ እቀንሳለሁ።

ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ አጠብቀዋለሁ፤ በዚያች ጾም ቀልድ የለም። የሕንፃው የመጨረሻ ግድግዳ ቀርቶናል፣ ክረምቱም እያስቸገረን ነው። አቶ ተስፋዬን «እባክዎ ከሚውጡት ክኒን ትንሽ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«የእኔ ለአንተ ይሆናል ብለህ ነው?» አሉ።

«ስኳሩ አንድ አይደል እንዴ?»

አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ከክኒኑ ማሸጊያ ላይ ቆርጠው ሰጡኝ። «በል አንድ አንድ ብቻ» አሉኝ። ከምግብ ጋር ውሰደው ማለታቸውን እሳቸው ያስታውሳሉ፤ እኔ አልሰማሁም። በማግስቱ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስወጣ፣ በባዶ ሆዴ ዋጥኩት። መድኃኒት ጾም አያፈርስም ብዬ።

ረፋዱ ላይ ሰላም ነበርኩ። ወደ ስድስት ሰዓት እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማንካውን ስይዘው ሞርታሩ ከላዩ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ቀጥሎ ግድግዳው ብቻ አይደለም፣ ርብራቡም፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃም አብሮ ጋደል አለ። ሰይድ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ድምፁን ሰማሁት፣ ቃሉ ግን አልገባኝም። ብሎኬት አንሥቼ ነበር። ረድፉ ላይ ያስቀመጥኩት መሰለኝና ለቀቅኩት።

ያስቀመጥኩት አየር ላይ ነው። ብሎኬቱ በርብራቡ ክፍተት ወረደና ዘርፌ የሞርታር ባልዲዋን ያስቀመጠችበት ቦታ ላይ ተፈረከሰ። ባልዲው ጠፍጣፋ ሆነ። እሷ በዚያች ቅጽበት ቀና ብላ ነጠላዋን ለማጥበቅ ሁለት እርምጃ ዞር ብላ ነበር። የጮኸችው ጩኸት እስካሁን አለብኝ።

ሰይድ ከኋላ ወገቤን ይዞ እንዴት እንዳወረደኝ አላስታውስም። አሸዋው ላይ ተቀምጬ ነው ራሴን ያገኘሁት። አቶ ተስፋዬ ከሱቃቸው እየሮጡ መጡ፣ በአንድ እጃቸው መለኪያ፣ በሌላው ለስላሳ። ጣቴን ወጉና ቁጥሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ወርዷል! በጣም ወርዷል! አጠጡት!»

እኔ አፌን ገጠምኩ።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን የምሬን ነበር። «ጾም ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም» አልኩ። «ደግሞ ስኳር ነው እኮ የገደለኝ! ስኳር ታጠጡኛላችሁ እንዴ?» ጠርሙሱን በእጄ ገፋሁት። አቶ ተስፋዬ «ያንተ ወርዷል፣ አልወጣም!» ይላሉ። ስኳር በሽታ የሚወጣ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ሰውየው የቀባጠሩ መሰለኝ።

ሰይድ ፊት ለፊቴ ተንበረከከ። አገጬን ይዞ «አራጋው፣ ጠጣ» አለኝ።

«ጾሜን…»

«ጠጣ አልኩህ! ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። እኔ እሸከመዋለሁ!»

ሙስሊም ጓደኛዬ የፍልሰታን ኃጢአት ሲሸከምልኝ ምን እላለሁ? ጠጣሁ። ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ብሎኬቱ ትዝ ብሎኝ ነው።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። ክኒኑን አይታ «ማን አዘዘልዎት?» አለችኝ። «ደግ ሰው» አልኳት። አልሳቀችም። ክኒኑ ሰውነት ውስጥ የሚቆይ ስለሆነ ስኳሬ ተመልሶ ሊወርድ እንደሚችል ነግራኝ አስተኛችኝ፤ ጉልኮስ ተሰቀለልኝ፣ እየመጡም ጣቴን ይወጉኛል። በማግስቱና ከዚያም በኋላ ምርመራው ቀጠለ። የሦስት ወሩን የስኳር ሁኔታ የሚያሳይ የደም ምርመራም ተደረገልኝ።

«እሺ፣ ስኳር አለብኝ ወይስ የለብኝም?» አልኳት።

«የሦስት ወሩ ከመደበኛው ትንሽ ከፍ ብሏል። በሽታው ገና የለብዎትም፣ እየተጠጋዎት ነው።»

«ከፍ ካለ ታዲያ ለምን ወረደ?»

«የወረደው በክኒኑ ነው። ሳይበሉ ወስደውት።»

«ከክኒኑ በፊት ሲያዞረኝ የነበረውስ?»

«እሱን አላውቅም» አለች። «ሳይበሉ ከባድ ሥራ መሥራትዎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ስኳር ጠጥተው በኋላ መልሶ ሲወርድብዎት ሊሆን ይችላል። የጆሮ ሚዛንም ሊሆን ይችላል። ሲያዞርዎት በዚያው ሰዓት ካልተለካ ስኳር ነው ማለት አልችልም።»

ተናደድኩ። አቶ ተስፋዬ ያውቃሉ፣ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ያውቃል፣ ጎረቤቴ ያውቃል፣ የተማረችው ናት እንዴ አላውቅም የምትለኝ? እቤት ገብቼ ለእቴነሽ ይህንኑ ብላት «እስከዛሬ ያወቁልህ ሰዎች የት አደረሱህ?» አለችኝ።

በሳምንቱ ወደ ሕንፃው ሄድኩ። አቶ ተስፋዬ ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፉ፤ «የቆጡን ላወርድልህ ብዬ የብብትህን አስጣልኩህ» አሉ። እኔ ግን የፈለግኩት ዘርፌን ነበር። አሸዋ እየነፋች አገኘኋት። «እግዜር አተረፈሽ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ወንፊቱን አስቀመጠች። ቁጡ ሴት ናት፤ ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ጋሼ፣ ብሎኬት ከማንም እጅ ያመልጣል» አለች። «ከፋሲካ በፊት ጀምሮ እንደሚያዞርዎት ሰይድ ከአቶ ተስፋዬ ሰምቶ ትናንት ነገረኝ። እኔ ስንት ወር ከሥርዎ ስመላለስ ኖሬያለሁ። ቀድመው ቢነግሩኝ እዚያ አልቆምም ነበር። ልጆቼ የሚያዩት እኔን ብቻ ነው።»

ይህን ብላ ወንፊቱን አነሣች። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም፤ አላልኩምም አላለችም። የሰው ስድብ ብዙ ሰምቻለሁ፣ እንደዚህ የቆረጠኝ ግን የለም። እኔ ስደብቅ የነበረው የራሴን በሽታ መስሎኝ ነበር፤ በእሷ አናት ላይ የተንጠለጠለውን አደጋ እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

የንስሐ አባቴ ዘንድም ሄድኩ። ያለ ሰዓቴ ጾም መግደፌን፣ ሰይድ ያለውንም ነገርኳቸው። አባ ሳቃቸው መጣባቸውና ጢማቸውን ያዙ። «ልጄ፣ በሽተኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዋል ያለህ ማን ነው? እኔን መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉ። የጾም ምግብ ይሁን እንጂ ጠዋት ብላ ብለው ፈቀዱልኝ። ሰይድንም ሰላም በልልኝ አሉ። በሽተኛ መባሉ ግን ከምንም በላይ ከበደኝ። ስኳር የለብህም ተብያለሁ፣ በሽተኛ ነህ ተብያለሁ፤ የትኛውን ይዤ ልሂድ?

ለብዙ ወራት መሬት ላይ ሠራሁ። ፌሮ አስቆረጥኩ፣ አሸዋ አስነፋሁ፣ ሞርታር አስቦካሁ፤ ሰይድ ላይ ሆኖ ማዕዘን ሲይዝ ከታች አንጋጥጬ «ትንሽ ወደ ውስጥ!» እላለሁ። «አየሁት፣ አየሁት» ይለኛል። አንዳንዴ ሳያየው ነው። ጠዋት ቆሎም ሆነ እንጀራ በደንብ በልቼ እወጣለሁ፣ ሻዬ ላይ ስኳር ጥቂት ብቻ አደርጋለሁ፣ ረፋድ ላይ ጥቂት እቀምሳለሁ። ልጄ ከአዲስ አበባ የስኳር መለኪያ ላከልኝ። ማዞሩ በጣም ቀነሰ፤ አልጠፋም።

በመጣብኝ ጊዜ ሁሉ ጣቴን እወጋለሁ። ወርዶ ያገኘሁት ጊዜ አለ፤ ያኔ በልቼ ይተወኛል። በጣም ደህና ሆኖ ያገኘሁትም ጊዜ አለ፤ ያኔም ግን ግድግዳው ይጋደላል። ደሴ ሄጄ ጆሮዬን ታየሁ፤ ይህን ያህል የጎላ ነገር የለም አሉኝ። ግፊቴም ደህና ነው ተባለ። ለዶክተሯ ይህን ሁሉ ስነግራት «አንድ ምክንያት ላይሆን ይችላል» አለች። አሁን አልተናደድኩባትም። ክትትል አያቋርጡ ብላኛለች፤ አላቋረጥኩም። ከርብራብም ዝቅ ባለው ላይ፣ ከቤት ግድግዳ ከፍታ ሳላልፍ፣ ሰው አጠገቤ እያለ እንድሠራ ፈቀደችልኝ።

ዘንድሮ መርሳ ላይ ለወይዘሮ ከድጃ የሱቅ ቤት እየሠራን ነበር። አንድ ፎቅ እንኳ አይደለም። ጣሪያ መቺዎቹ ቆርቆሯቸውን አውርደው ይጠብቁናል፣ ሰማዩም ጠቁሯል። ሁለት ረድፍ ሲቀረኝ አፌ ምራቅ ሞላው። ግድግዳው ጋደል አለ። መለኪያውን ከኪሴ አውጥቼ እዚያው ላይ ጣቴን ወጋሁ። ቁጥሩ ደህና ነው።

ወይዘሮ ከድጃ ከታች ያዩኛል። «ምን አለ ማሽኑ?» አሉ።

«ደህና ነው አለ።»

«አልሃምዱሊላህ! እንግዲያ ምን ያስቆምዎታል? ዝናቡ እኮ መጣ! ሁለት ረድፍ ነው የቀረው።»

እውነታቸውን ነው። ቁርስ በልቻለሁ። ክኒን አልዋጥኩም። ስኳሬ ልክ ነው። ማሽኑ ደህና ነህ እያለኝ ምን ብዬ እወርዳለሁ? ብሎኬት አነሣሁ። ወደ ታች ሳይ ዘርፌ ሞርታሯን ይዛ ቆማለች፤ ያን ቀን ይቅር ሳትለኝ ሥራዋን ግን ከእኔ ጋር ቀጥላ ነበር። እጄ ግንባሬ ላይ እንደነበር አይታለች። ባልዲዋን አነሣችና ከሥሬ ወጥታ፣ ራቅ ብላ፣ ከወይዘሮ ከድጃ አጠገብ ቆመች።

ብሎኬቱን መልሼ አስቀመጥኩት። በሁለት እጄ መሰላሉን ይዤ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ሁለቱን ረድፍ ሰይድ ዘጋው፣ ግማሹን በዝናብ። ወይዘሮ ከድጃ ቅር ብሏቸው ቀሩ። ያን ቀን ያዞረኝ ምን እንደነበረ እስካሁን አላውቅም፤ ዶክተሯም አታውቅም።

እናንተ በሥራው ላይ ያላችሁ፣ ራሳችሁን ሲያዞራችሁ መጀመሪያ ለሰው ተናገሩና ውረዱ። ስኳር ይሁን፣ ጆሮ ይሁን፣ ረሃብ ይሁን፣ ምክንያቱ መሬት ላይ ሆናችሁ ይፈለጋል።